ደንበኛ በዝቷል

ከሦስት ሳምንት በፊት አያት አካባቢ የአንድ ሱቅ ምርቃት ላይ ተጠርቼ ነበር። እንግዳ ነኝ ብዬ ሱፍ ለብሻለሁ። ላፕቶፑን የያዝኩት በልማድ ነው፤ እኛ ፕሮግራመሮች ለቅሶም ይዘነው እንሄዳለን።

የሱቁ ባለቤት ጋሼ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው። ሚስማር፣ ቀለም፣ የቧንቧ ዕቃ፣ ምን የሌላቸው አለ። አራት ሱቅ ነበራቸው፤ ይሄ አምስተኛው ነው። የሽያጭ ሲስተሙን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ።

እያንዳንዱ ሱቅ የራሱ ዳታቤዝ አለው። ለምን አትሉኝም? መርካቶ ያለውን የሚያስተዳድረው የወንድማቸው ልጅ ነው። መገናኛ ያለውን የባለቤታቸው ወንድም። ጋሼ ገና ሥራውን ስንጀምር "አንዱ የሌላውን ሒሳብ እንዳያይ፤ እኔ ነገር አልፈልግም" ብለው አስጠንቅቀውኛል። እኔም ዘመድን ከዘመድ ለመለየት ለየብቻ ከፈትኩላቸው። ከዋናው ቢሮ ጋር አምስት ዳታቤዝ፣ አሁን ከአያት ጋር ስድስት። ሁሉም ግን አንድ ሰርቨር ላይ፣ ፖስትግሬስ በሚባል አንድ የዳታቤዝ ሶፍትዌር ውስጥ ናቸው። አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ቤት ማለት ነው።

ጥፋቱ የተጀመረው ሐሙስ ማታ ነው። ጥፋት ሲባል ደግሞ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ጥንቃቄ ነው ያጠፋኝ።

ሲስተሙ የተሠራው ስፕሪንግ ቡት በሚባል የፕሮግራም መሥሪያ ነው። ወደ ዳታቤዝ የሚሄዱትን መስመሮች፣ ማለትም ኮኔክሽኖች፣ ከፍቶ የሚይዘው ሂካሪ የሚባለው ነው። ካልነካችሁት ለአንድ ዳታቤዝ 10 ይከፍታል። ስድስት ዳታቤዝ፣ 60 ኮኔክሽን። ሰላም ነበር። እኔ ግን "ቅዳሜ ምርቃት ነው፣ ሰው ይበዛል፣ እንዳያሳፍረኝ" ብዬ 10ሩን 20 አደረግኩት። ሂካሪ ደግሞ ሲያስፈልግ እከፍታለሁ የሚል አይደለም። ካልከለከሉት ገና ከመነሳቱ ሃያውንም ከፍቶ ቁጭ ይላል።

ፖስትግሬስ ካልነካችሁት የሚቀበለው 100 ኮኔክሽን ነው። እሱን አልነካሁም። አያት ገና ሳይከፈት፣ አምስት ጊዜ ሃያ ስንት ነው? እኔ ያን ጊዜ አላሰላሁም፤ እናንተ አስሉት። ዓርብ ማታ የሚሠራው ባክአፕም መግቢያ አጥቶ ኢሜይል ልኮልኝ ነበር። ሱፍ እያስተኮስኩ ስለነበር አላነበብኩትም።

ቅዳሜ ሌሎቹ ሱቆች 2 ሰዓት ላይ ተከፈቱ። የየሱቁ ኮኔክሽን የሚከፈተው የመጀመሪያው ካሸር ሲገባ ስለሆነ፣ አራቱ ሱቆችና ዋናው ቢሮ ሃያ ሃያቸውን ይዘዋል፤ የአያት ገና ነው። አያት ቄሱ እስኪመጡ 3 ሰዓት አለፈ። ተባረከ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ድፎ ተቆረሰ። ጎን ያለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ "እጄ ገድ ነው፣ እኔ ልጀምርላችሁ" ብሎ አንድ ኪሎ ሚስማር አስመዘነ። ስልክ ሁሉ ለቪዲዮ ተነሳ። ካሸሯ ስሟንና ፓስወርዷን አስገባች። ቀና አለች። እንደገና ጎንበስ አለች።

"ምነው?" አሉ ጋሼ።

"ሶሪ፣ ቱ ሜኒ ክላይንትስ ኦልሬዲ ይላል።"

"ምን ማለት ነው?"

ልጅቷ እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው። "ይቅርታ፣ ደንበኛ በዝቷል ማለት ነው ጋሼ።"

ጋሼ ሱቁን ዞር ብለው አዩት። አንድ ደንበኛ አለ። እሱም ጎረቤት ነው።

"የቱ ደንበኛ?"

ይሄኔ ጥግ ላይ የተቀመጡት የጋሼ እናት ሰምተዋል። ሰማንያን ተሻግረዋል፣ ጆሯቸው ግን የሚፈልገውን ይሰማል። "ደንበኛ በዝቷል አለ? ታዲያ አሜን በሉ እንጂ!" ቤቱ በሙሉ "አሜን!" አለ። አንዷ እልልታውን አቀለጠችው። የእኔ ድፎ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ፖስትግሬስ ክላይንት የሚለው ሚስማር ገዢውን አይደለም። ኮኔክሽን ከፍቶ የተቀመጠውን ፕሮግራም፣ ማለትም የእኔኑ ሲስተም ነው። ጨዋ ነው ደግሞ፤ በር ሲዘጋብህ እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል። ሌላው የዳታቤዝ ሶፍትዌር፣ ማይኤስኪውኤል ቢሆን ኮኔክሽን በዝቷል ብሎ ነበር የሚዘጋው፣ ይቅርታ የለም። ይህ መልእክት እንዳለ ካሸሯ ስክሪን ላይ መውጣቱ የራሴ ሌላ ጉድ ነው። "በኋላ በአማርኛ አሳምረዋለሁ" ብዬ ከተውኩት ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ሲሚንቶ ላይ ተቀመጥኩ። ሱፌ ሲሚንቶ ጠጣ። ላፕቶፑን የቀለም ባልዲ ላይ አድርጌ በስልኬ ኢንተርኔት ገባሁ። ሰርቨሩስ አስገባኝ። ዳታቤዙን ስሞክር፦ ይቅርታ፣ ደንበኛ በዝቷል። እኔን! የገዛ ቤቴን!

አሁን ይሄን ስሙኝ። ፖስትግሬስ ለእንዲህ ያለው ቀን ከመቶው ላይ 3 ቦታ ለአስተዳዳሪው ያስቀምጣል። ሌላው ቢሞላ እንኳ አስተዳዳሪው ገብቶ እንዲያስተካክል። ታዲያ እኔ ምን አድርጌያለሁ? ሲስተሙ ዳታቤዙን የሚያንኳኳው በአስተዳዳሪው ስም ነው። ስጀምር "ለጊዜው" ብዬ የጻፍኩት ነው። ስለዚህ የእኔኑ ሦስት ወንበር የእኔው ሲስተም ተቀምጦባታል። ሠርግ ላይ ላልመጣ ዘመድ ነጠላ ዘርግቶ ወንበር የሚይዝ ሰው ታውቃላችሁ? እሱ ነኝ። ሙሽራው ቆሞ ቀረ።

የቀረኝ ሲስተሙን በሙሉ አጥፍቶ ማስነሳት ነው። 20ውን 5 አደረግኩና አጠፋሁት። ስልኬ ወዲያው ጮኸ። መርካቶ፦ "ሲስተም የለም!" መገናኛ፦ "ሲስተም የለም እንዴ?" ባንክ ሄጄ ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር መስኮቱ ላይ የማልናገረው ነገር የለም። አሁን የቃሉ ምንጭ እኔ ሆኜ፣ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጬ፣ "አንድ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ" እላለሁ።

አንድ ደቂቃዋ ስድስት ሆነች። ደረሰኙ ወጣ። ጎረቤቱ ሚስማሩን ይዞ ቆሞ አራተኛ ቁራሽ ድፎ ጨርሷል።

ሁሉም ሲገባ ዳታቤዙን "ማን ምን እየሠራ ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። 31 ኮኔክሽን ተከፍቷል። ሠላሳው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የሚሠራው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ይህን ጥያቄ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ሃያ የጨመርኩት ለማን ነበር?

ጋሼ ጠላ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። "በል አስረዳኝ" አሉ። ስለ ፑል፣ ማለትም ሂካሪ ከፍቶ ስለሚይዛቸው ኮኔክሽኖች፣ ለነጋዴ እንዴት ይወራል? ትዝ ሲለኝ ጋሼ የሰፈራቸው እድር ዳኛ ናቸው።

"ጋሼ፣ የእድሩ ዕቃ ቤት ድስት አለ አይደል? ሰው በሞተ ቁጥር አዲስ ድስት አይገዛም።"

"ምን ሲደረግ! ተውሶ ይመልሳል።"

"እሱ ነው። ሲስተሙም ወደ ዳታቤዝ በሄደ ቁጥር አዲስ መስመር መክፈት ውድ ስለሆነበት፣ የተከፈተውን ተውሶ ይመልሳል። እኔ ለእያንዳንዱ ሱቅ ሃያ ሃያ ድስት ገዛሁ።"

"ለስድስቱም?"

"ለስድስቱም።"

"ዕቃ ቤቱ ስንት ይይዛል?"

"መቶ።"

ጠላቸውን ጎንጨት አሉ። "ታዲያ ስትገዛ አልቆጠርክም?"

አራት ዓመት ኮሌጅ ያስተማሩኝ መምህራን እንዲህ ያለ ጥያቄ አውጥተውብኝ አያውቁም።

"መቶውን አምስት መቶ ብታደርገውስ?" ያለኝ ጓደኛ አለ። ይቻላል፤ ግን ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን አንድ ሙሉ ፕሮሰስ፣ ራሱን የቻለ ፕሮግራም፣ ነው የሚያስነሳው። የጋሼ ሰርቨር ባለ ሁለት ኮር፣ ማለትም ባለ ሁለት አንጎል፣ ባለ አንድ ዲስክ ነው። የሂካሪ ሰዎች የሚጠቅሱት አንድ ቀመር አለ፦ ኮሩን በሁለት አባዝተህ ዲስኩን ደምር። በዚያ ቢኬድ ለሰርቨሩ በሙሉ አምስት ኮኔክሽን በቂ ነው። እኔ ሠላሳ ይዤም ለጋስ ነኝ። ኮኔክሽን የሚያጋራውን ፒጂባውንሰር የሚባል ፕሮግራምም በሲስተሙና በፖስትግሬስ መሀል ላስገባ አስቤ ነበር። እሱም ለየዳታቤዙና ለየተጠቃሚው ለየብቻ ነው የሚይዘው፣ ካልነካችሁት ደግሞ እስከ 20 ድረስ። ሃያን ሳይ አሁን ያመኛል።

የአስተዳዳሪውን ስም ከሲስተሙ አውጥቻለሁ። ሦስቷ ወንበር የእኔ ናት። ባክአፑ የሚልከውን ኢሜይልም አነባለሁ፣ ሱፉ ላውንደሪ ስለሆነ ጊዜ አለኝ።

ትናንት ጋሼ ደወሉ። ሰላምታውን እንኳ አልጨረሱም።

"ስማ፣ ሰበታ አንድ ቤት አግኝቻለሁ።"

"እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ!"

"ደስታውን ተወውና፣ ድስት አለን?"