ከእጅ የወጣችው ኳስ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የፊዚክስ መምህራችን አንድ ጥያቄ አቀረቡልን፤ ቀጥ ብላ ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ ከእጅ ከተለየች በኋላ፣ ገና ሽቅብ በመውጣት ላይ ሳለች፣ ምን ምን ኃይል ያርፍባታል? እኔም ሳላመነታ ሁለት ኃይሎች ብዬ ጻፍኩ፤ ወደ ላይ የሚወስዳት የወርዋሪው ኃይልና ወደ ታች የሚጎትታት የመሬት ስበት። መልሴ ስሕተት ነበር። መሳሳቴን በዚያው ቀን ባውቅም ምክንያቱን ከልብ ለመቀበል ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ስለዚህም ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ መረዳት ለሚፈልግ ሰው ከየትኛውም ቀመር በፊት ይህች ጥያቄ ልትቀድም ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አየሩ የሚያሳድረውን አነስተኛ ተቃውሞ ለጊዜው ብንተወው፣ በኳሷ ላይ የሚያርፈው ኃይል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የመሬት ስበት ነው። እጅ ሊገፋት የሚችለው እስከነካት ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ከእጅ ስትለይ ይዛው የምትሄደው ፍጥነትን እንጂ ኃይልን አይደለም። ኃይል አንድ አካል በሌላው ላይ የሚያሳድረው ግፊት ወይም ጉተታ ነው፤ በዕቃው ውስጥ ተቋጥሮ የሚጓዝና በመንገድ ላይ የሚያልቅ ስንቅ አይደለም።

ይህን ለመቀበል የሚያስቸግረን አንዱ ነገር አነጋገራችን ይመስለኛል። ተንከባልላ የቆመችን ኳስ «ጉልበቷ አለቀ» ስንል፣ ኃይል በውስጧ ነበረ፣ ተሟጠጠ ማለታችን ነው። ሐሳቡ የተማሪ ብቻም አልነበረም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ፣ ኋላም በ14ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ ያስተማረው ዣን ቡሪዳን፣ ወርዋሪው በሚወረውረው ነገር ውስጥ አንዳች ገፊ ኃይል ያሳድርበታል ብለው አስተምረዋል። ጋሊሊዮ ኳሶችን በተዳፋት ላይ እያንከባለለ ከመረመረ በኋላ ግን፣ እንቅፋት በሌለበት ለጥ ያለ ሜዳ ላይ የምትሄድ ኳስ የምትቆምበት ምክንያት እንደሌለ ተረዳ፤ ኒውተንም በ1687 ይህንኑ ከእንቅስቃሴ ሕጎቹ የመጀመሪያው አደረገው። መሬት ላይ የምትንከባለለዋን ኳስ የሚያስቆማት በዋናነት ከመሬቱ ጋር ያላት ሰበቃ ነው፤ ማለትም የምትቆመው ኃይል ስላለቀባት ሳይሆን ኃይል ስላረፈባት ነው።

ወደ ተወረወረችው ኳስ እንመለስና፣ ከእጅ ስትወጣ ፍጥነቷ በሰከንድ 19.6 ሜትር ነበር እንበል። ከ1 ሰከንድ በኋላ ፍጥነቷ 9.8 ይሆናል፣ ከ2 ሰከንድ በኋላ ዜሮ ይሆናል፣ በ3ኛው ሰከንድ መጨረሻ እንደገና 9.8 ይሆናል፤ አሁን ግን አቅጣጫው ወደ ታች ነው። በየሰከንዱ የታየው ለውጥ አንድ ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም ስበቱ አንዴም አልበረታም፣ አንዴም አልደከመም። የኳሷ መጠነ ቁስ 0.5 ኪሎግራም ከሆነ፣ ይህን በየሰከንዱ በሚታየው የፍጥነት ለውጥ፣ ማለትም በ9.8፣ ስናባዛ የሚስባት ኃይል 4.9 ኒውተን (የኃይል መለኪያ አሃድ) ይሆናል፤ ስትወጣም ስትወርድም ይኸው ነው። እኔን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን የመጨረሻው ከፍታ ነበር። እዚያ ላይ ፍጥነቷ ዜሮ ከሆነ ኃይሉም ዜሮ መሆን አለበት ብዬ አስብ ነበር፤ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ግን ኳሷ እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥላ በቀረች ነበር። የምትወርደው በዚያች ቅጽበትም ቢሆን ስበቱ ስላልለቀቃት ነው።

ኳሷም በበኩሏ መሬትን በዚያው በ4.9 ኒውተን ወደ ላይ ትስባለች። የመሬት መጠነ ቁስ እጅግ ግዙፍ ስለሆነ ብቻ ለውጡ አይታይም።

ጥያቄውን ወደ ጨረቃ ስናዞረው ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ጨረቃ በሰከንድ 1 ኪሎሜትር ያህል እየተጓዘች መሬትን ስትዞር ከኋላዋ የሚገፋት ምንም ኃይል የለም፤ ያለው ወደ መሬት የሚስባት ኃይል ብቻ ነው። ስበቱ ባይኖር ኖሮ ቀጥ ባለ መስመር ትሄድ ነበር፤ ከዚያ ቀጥ ያለ መስመር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ መሬት የምትወድቀው 1.4 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከእጃችን ለቀን የጣልናት ኳስ ግን በመጀመሪያው ሰከንድ 4.9 ሜትር ትወድቃለች። ሁለቱንም የሚያወርዳቸው አንድ ዓይነት ኃይል ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ጨረቃ ከመሬት መካከል ያላት ርቀት ከኳሷ 60 እጥፍ ያህል ስለሚበልጥና ስበት በርቀቱ ካሬ ልክ ስለሚቀንስ ነው።