ጎረቤቶቼ 2082 ገቡ

ሌስተር፣ ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን 2018

እዚህ አገር 2025 ነው፣ እኛ 2018 ላይ ነን፣ ከሕንድ ጉጅራት የሚመዘዙት ጎረቤቶቼ ደግሞ ዛሬ 2082ን ተቀበሉ። ዲዋሊ፣ የመብራት በዓላቸው፣ ሰኞ ነበር፤ አዲስ ዓመታቸው ዘንድሮ አንድ ቀን ዘሎ ዛሬ ዋለ። ጠዋት በር ሲንኳኳ ብከፍት ትንሿ ልጃቸው አዲስ ቀሚሷን ለብሳ «ሳል ሙባረክ!» (እንኳን አደረሳችሁ ነው) «ባ ኑ ብለዋችኋል» ብላኝ ሮጠች።

ባ የቤቱ ሴት አያት ናቸው። እኔም ባለቤቴም ልጄም ባ ነው የምንላቸው። የተወለዱት ኡጋንዳ፣ ጂንጃ ነው። ኢዲ አሚን በፈረንጆች 1972 እስያውያኑን በ90 ቀን ውስጥ ልቀቁ ሲል ከወጡት ናቸው። እኔ ናይሮቢ በስደት የቆየሁ ስለሆንኩ ከእሳቸው ጋር የማወራው በስዋሂሊ ነው፤ እንግሊዝኛው ለሁለታችንም የሥራ ቋንቋ ነው።

ሰኞ ማታ ከሥራ ስመለስ ጎራ አልኩ። ባ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ጥጡን በመዳፋቸው እያሹ ክር ያወጣሉ፣ ልክ እናቴ ጧፍ ልታበጅ ስትነሣ እንደምታደርገው። ክሩን የተነጠረ ቅቤ ውስጥ ነክረው በትንንሽ የሸክላ ኩባያ ያጋድሙታል፣ ጫፉን ብቻ ብቅ አድርገው። ልጄና የልጅ ልጃቸው ደጃፉ ላይ በቀለም ዱቄት አበባ ሲሥሉ ዝናብ መጥቶ ግማሹን ወሰደው። የሌስተር ጥቅምት ነውና ማንንም አልደነቀም፤ ወደ ውስጥ ገብተው ኮሪደሩ ላይ ቀጠሉ። ላክሽሚ፣ የሀብት አምላካቸው፣ የጸዳና የበራ ቤት ነው የምትገባው ይላሉ። ስለዚህ ባ በሩን ገርበብ ያደርጉታል። የጋዝ ቢል የሚከፍለው ልጃቸው ደግሞ ሹልክ ብሎ ይዘጋዋል። እሳቸው ተነሥተው ይከፍቱታል። ማታውን ሙሉ እንዲህ ሆነ።

ልጃቸው በልግሬቭ ሮድ ላይ የጨርቅ ሱቅ አለው። ጎልደን ማይል የሚሉት መንገድ ነው፤ የዚያ ሰፈር ዲዋሊ ከሕንድ ውጭ ከሚከበሩት ትልልቆቹ አንዱ ነው። ዘንድሮ የሰው ብዛት ያሰጋል ተብሎ መድረኩና ርችቱ ቀረ፣ መብራቱ ግን አለ። የጉጅራት ነጋዴ በዲዋሊ የሒሳብ መዝገቡን ያስባርካል። ድሮ ቀይ ሽፋን ያለው ደብተር ነበር፤ ሰኞ ዕለት ምንጣፉ ላይ የተቀመጠው ላፕቶፕ ነው። ከቁልፎቹ ግርጌ በቀይ ዱቄት ስዋስቲካ ተሣለበት፣ አበባና ሩዝ ተበተነበት። ፈረንጅ ያንን ምልክት ሲያይ ይደነግጣል፤ እኔ ላሊበላ፣ ቤተ ማርያም መስኮት ላይ ስላየሁት ይሁን አላውቅም፣ ምንም አላለኝም። ዓይኔን የያዘው ሰውዬው ከጸሎቱ በኋላ በቁልፎቹ መሀል የገባውን ሩዝ በስቴኪኒ አንድ በአንድ ሲያወጣ ነው።

አምላካቸው ራማ ከ14 ዓመት ስደት ወደ አዮዲያ ሲመለስ ሕዝቡ መብራት አብርቶ ተቀበለው፤ የበዓሉ ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። የሚከነክነኝም እሱ ነው፤ የተመላሽን በዓል እንዲህ አድምቀው የሚያከብሩት ያልተመለሱ ሰዎች ናቸው። ያኔ አሚን ሲያባርራቸው የሌስተር ማዘጋጃ ቤት ኡጋንዳ ውስጥ በሚታተም ጋዜጣ «ወደ ሌስተር አትምጡ» የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። ዛሬ ያው ከተማ የዲዋሊ መብራት ይሰቅላል። ባ ይህን ሲያነሡ ይስቃሉ፤ «ሌስተር የሚባል ከተማ መኖሩን በምን እናውቅ ነበር?» ይላሉ። በኋላ የኡጋንዳው ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ተመለሱ ሲል ሄደው ቤታቸውን አዩት። የሚኖሩበት ሰዎች ሻይ አፈሉላቸው፣ ጠጡ፣ የጓሮውን ማንጎ አዩ፣ መጡ። የእኔ እናት በየእንቁጣጣሹ «ለከርሞ እዚህ ነሽ አይደል?» ትለኛለች፤ እኔም አዎ እላታለሁ። ባ ይህን ዓይነቱን «አዎ» ትተውታል። እኔ ገና አልተውኩትም።

ዛሬ ታዲያ ረቡዕ ነው። ጣፋጩ ሁሉ፣ ባርፊው፣ ካጁ ካትሊው፣ ጉግራው በትሪ ቀረበ። «ሥጋ የለበት፣ እንቁላል የለበት፣ ብዪ እንጂ!» አሉ ባ። ወተቱና ቅቤውስ? ጾም ነው ስላቸው ምን ጾም፣ ለምን ጾም አላሉም፤ እሳቸውም ጨረቃዋ 11ኛ ቀኗ ላይ በደረሰች ቁጥር ይጾማሉ። ትሪውን አንሥተው ቼቭዶ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ቆሎ መሳይና ዝንጅብልና ሄል ያለበት ቀይ ሻይ አመጡልኝ። ባለቤቴ፣ ረስቶ ይሁን አውቆ፣ ያን ጊዜ ሁለተኛውን ባርፊ እያኘከ ነበር።

ስንወጣ «ለገና እናንተ እኛ ጋ» አልኳቸው። ሥጋና እንቁላል አለመብላታቸው አያስጨንቅም፣ የጾም ምግብ ሞልቶናል። ነገር ግን ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ሃይማኖታቸው አይፈቅድም። እናቴ ጋ ደወልኩ። «ያለ ሽንኩርት ምኑ ወጥ ይባላል?» ብላ ሳቀችብኝና ትንሽ አስባ፣ «ሱፍ ፍትፍት ምን አለሽ?» አለች። ሱፉን ለንደን ያለችው እህቴ ትልክልኛለች።