ባለቤቴ ጀርመን፣ እኔ ከክራሬ ጋር፦ የሁለት ወር ልምምዴ

ሰላም የክራር ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ። ባለፈው ሐምሌ "ቱነር አፕ ጭኛለሁ፣ ከዚ በኋላ ቅኝት አያስቸግረኝም" ብያችሁ ነበር (ቱነር አፕ የክሮቹን ድምፅ ሰምቶ ልክ መሆናቸውን የሚነግር የስልክ አፕ ነው)፣ ዛሬ ሐሳቤን እንደቀየርኩ ልነግራችሁ ነው። ረዘም ይላል ግን ጀማሪ የሆናችሁ በተለይ እስከ መጨረሻው አንብቡት እባካችሁ።

ባለቤቴ መስከረም 5 ለሦስት ወር ስልጠና ጀርመን ሄደ። ከተጋባን ጀምሮ መስከረምን ተለያይተን አናውቅም፣ የመስቀል ሰሞን ሁሌም እንጦጦ ወጥተን አደይ አበባውን እናያለን፣ ሲመሽ ደሞ ላይቭ ሙዚቃ ያለበት ቤት ገብተን እስኪበቃን እንሰማለን፣ ክራሩንም የገዛልኝ እሱ ነው። ኤርፖርት ስሸኘው "እኔ የለሁም ብለሽ ቤት ተዘግተሽ እንዳትቀመጪ፣ እንደ ድሮው ውጪ፣ የሰማሽውንም ንገሪኝ" አለኝ። እሺ አልኩት፣ አለቀስኩም።

የመጀመሪያው ሳምንት ከክራሩ ጋር ትግል ነበር። ክረምቱን ሙሉ ደህና የነበረ ክራር ጠዋት በአፑ ቃኝቼው ወጥቼ ማታ ሳነሳው ድምፁ ከፍ ብሎ ይጠብቀኛል፣ ዝቅ አረገዋለሁ፣ በማግስቱ ጠዋት ደሞ ተመልሶ ወርዷል። በአራተኛው ቀን ተናድጄ ስጠመዝዘው ቀጭኗ ክር ጧ ብላ ተበጠሰች። መምህሬ ጋር ይዤው ስሄድ ጋሼ ክራሩን እንኳን አልቃኙትም፣ ገበቴው ላይ የተወጠረውን ቆዳ በጣታቸው መታ መታ አረጉና "ልጄ ክረምት ወጣኮ" አሉኝ። ለካ ቆዳው በክረምቱ እርጥበት ላልቶ ከርሞ መስከረም ፀሐይ ስትወጣ መድረቅና መወጠር ይጀምራል፣ ቆዳው ሲወጠር ክሮቹ የሚያርፉበትን እንጨት ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ክሮቹም አብረው ይጠብቃሉ። እኔ አደይ አበባውን ብቻ ነበር የፀደይ ምልክት የማረገው፣ ለካ ክራሬም ወቅቱ መለወጡን ሲነግረኝ ነው የሰነበተው። ከዛን ቀን ጀምሮ ክራሩን መስኮት አጠገብ አላስቀምጠውም፣ ከመጫወቴ በፊትም ያለሁበት ክፍል ውስጥ ትንሽ አቆየዋለሁ፣ ይቺን ያዙልኝ።

ደመራ ካለፈ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ከባለቤቴ እህት ጋር እንጦጦ ወጣን። ጠዋት ስለነበር ጤዛው አልረገፈም፣ ቢጫው ከባሕር ዛፉ ስር ጀምሮ እስከ መንገዱ ድረስ ሞልቶታል፣ አንድ እቅፍ ለቅሜ ፎቶ አንስቼ ላኩለት። ማታውን ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ አንድ ባህል ቤት ገባን። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ የለመድናቸው አዝማሪ ቤቶች ተበታትነዋል፣ አሁን የት ምን እንዳለ በሰው በሰው እየጠየቁ መሄድ ነው፣ ይሄ ነገር ልቤን ያመኛል፣ ቢሆንም ሙዚቃው አልሞተም። አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ክራር፣ ከበሮና ሁለት ዘፋኝ፣ በቃ።

እዛ ነው ነገሩ የተጀመረው። ማሲንቆ መቺው ዘፋኟ ጠጋ ብላ በለሆሳስ ያዜመችለትን ሰምቶ ክሩን ትንሽ ላላ አረገው፣ ክራር መቺው ደሞ ማሲንቆውን ሰምቶ ስድስቱንም ክር አስተካከለ፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፈጀበትም፣ ስልክ የሚባል ነገር የለም። ቁልቁል የወረዱት የሷ ድምፅ ስለደከመ ነው፣ ሲመሽ ወንዱ ሲቀበላት ደሞ እንደገና ቀየሩት። እኔ ቤቴ አፑ "ዶ (መነሻው ድምፅ) ይሄ ነው" ስላለኝ እሱን ሙጭጭ ብዬ ነበር የማሳልፈው። ክራር ላይ ግን አስቀድሞ የተወሰነ ዶ የለም፣ ዶ የዘፋኙ ጉሮሮ ያለበት ነው፣ ዋናው በክሮቹ መሐል ያለው ርቀት ነው።

አዝማሪው ወደኛ ጠረጴዛ ሲመጣ እህቱ ባለቤቴ ጀርመን መሆኑን ሹክ አለችው፣ ወዲያው፦

እንጦጦ ደምቆላት ቢጫ ሸማ ለብሶ
የሷ ሰው ጀርመን ነው በረዶ ተንተርሶ

አለና ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ፣ እኔ እንባዬ መጣ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ገና በረዶ እንዳልጣለ ነገረኝ፣ ግጥሙን ግን ሦስቴ አስደገመኝ።

የዛን ለሊት አንድ ነገር አሳፈረኝና ለሳምንታት ይዞኝ ቆየ። አንዱን ዘፈን ቅኝቱ (ዜማው የሚሄድባቸው አምስት ድምፆች) ትዝታ ማይነር ነው ብዬ ለእህቱ በልበ ሙሉነት ነገርኳት፣ ሲያልቅ ክራር መቺውን ጠየቅነው፣ አምባሰል የሚባለው ሌላው ቅኝት ነው አለን። በማግስቱ ለጋሼ ስነግራቸው አልተገረሙም። "ፋ" ከሚባለው ድምፅ ተነስተን ትዝታ ማይነር ስንቃኝ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፣ ዶ፣ ሬ ፍላት ነው የሚሆነው። ከዶ ተነስተን አምባሰል ስንቃኝ ደሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። እስቲ አስተያዩዋቸው፣ እነዛው አምስት ድምፆች ናቸው! አንድም ክር አልተነካም፣ የተለየው ዜማው የሚያርፍበት ቤት ነው። ትዝታው ፋ ላይ ይመለሳል፣ አምባሰሉ ዶ ላይ፣ ከዶ በላይ ያለችው ሬ ፍላት ደሞ በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለምትርቅ ወደ ዶ ስትወርድ ያቺን አምባሰል አምባሰል የምትል ስሜት ታመጣለች። አፑ ይሄን በፍጹም ሊነግራችሁ አይችልም፣ እሱ የሚያየው እያንዳንዷን ክር ነው፣ ዜማው የት እንደሚያርፍ የሚሰማው ሰው ነው።

ከዛ በኋላ ልምምዴን ቀየርኩ። ላይቭ በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ ቅኝቱን ለመሰየም አልቸኩልም፣ ዘፋኙ ስንኙን ሲጨርስ የሚያርፍበትን ድምፅ አፌን ዘግቼ አብሬ እይዘዋለሁ፣ ሁለት ሦስት ስንኝ እጠብቃለሁ፣ ከዛ በላይ በኩል ያለችውን ጎረቤት ድምፅ እሰማለሁ፣ ቅርብ ናት ወይስ ራቅ ትላለች። ጥቅምትን ሙሉ በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ወጣሁ። አምባሰልን አሁን ወዲያው ነው የምይዘው። አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ዛሬም ያስቸግረኛል፣ ሰርግ ላይ ስሰማው ደስ ይለኛል እጄ ላይ ግን አልገባም።

ጥቅምት 8 ለሊት ደሞ አማቴ የጽጌ ማኅሌት ይዘውኝ ሄዱ። ይሄ እንግዲህ ዘፈን አይደለም፣ ከዛ ጋር አላወዳድረውም፣ ግን ስለ ፀደይ ካወራሁ ሳልጠቅሰው አላልፍም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አበባው በሜዳ ላይ እያለ ቤተክርስቲያንም ለሊቱን ሙሉ ስለ አበባ ትዘምራለች። በከበሮና በጸናጽል የሚሄደው ወረብ መጀመሪያ እርግት ብሎ ይነሳል፣ ቀስ በቀስ ይሞቃል፣ የመቋሚያው ውዝዋዜ አብሮ ይፈጥናል። አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው አነጉ፣ እኔ በጥቅምት ብርድ ጣቶቼ ደንዝዘው እንኳን ጆሮዬ አልደከመም። ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ የሚባሉትን የቤተክርስቲያን ዜማ ዓይነቶች በስም ብቻ ነበር የማውቃቸው፣ ጎህ ሲቀድ አማቴ አንዱን ለይተው ሲነግሩኝ ልዩነቱን በደንብ ሰማሁት።

አንድ ቴክኒክ ነገርም ልጨምር፣ ዘመድ ውጪ ያላችሁ ይጠቅማችኋል። ለባለቤቴ በቪዲዮ ኮል ክራር ስጫወትለት "እየተቆራረጠ ነው፣ ድምፅሽ ብቻ ነው የሚመጣው" ይለኛል፣ ኔትወርክ እየመሰለን ሁለት ሳምንት ተበሳጨን። ለካ ኮሉ የክራሩን ድምፅ እንደ ውጪ ጫጫታ ቆጥሮ እያጠፋው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፣ በስልኩ መቅጃ ሪከርድ አርጎ ፋይሉን በቴሌግራም መላክ። ጥቅምት 16 የጀርመን ሰዓት ሲቀየር የአንድ ሰዓት ልዩነታችን ሁለት ሆነ፣ ከስራ ሲወጣ እኔ ልተኛ ስለምል አሁን ከመተኛቴ በፊት ቀድቼ እልክለታለሁ፣ እሱ ባቡር ላይ ይሰማዋል። ባለፈው ሳምንት የላኩለትን ሰምቶ "ይቺ አምባሰል ናት አይደል?" ብሎ ጻፈልኝ። ልክ ነበር። በደስታ ብድግ ብዬ ክፍሉን ዞርኩት።

አሁን ያለሁበት ደረጃ ይሄ ነው፦ ያለ አፕ ትዝታ ሜጀርን በአምስት ደቂቃ ገደማ እቃኛለሁ፣ ከሱ ወደ ማይነር ለመሻገር ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማረጉን እጄ ለምዶታል። ድርደራው (ክሮቹን አንድ በአንድ መንካቱ) ደህና ነው፣ ግርፉ (ክሮቹን በአንዴ መምታቱ) ላይ የማልፈልጋቸውን ክሮች በግራ እጄ ጣቶች ማፈኑ ገና ይቀረኛል፣ ቀለበት ጣቴ ትዘገያለች። ባለቤቴ ታኅሣሥ መጀመሪያ ይመጣል፣ እስከዛ አንድ ዘፈን ጀምሬ እስከ መጨረሻው ሳላቋርጥ መግረፍ እፈልጋለሁ። አንድ ጥያቄ ደሞ አለኝ፣ ያቺ የተበጠሰችው ቀጭን ክር ምትኳ ቶሎ ቶሎ ይላላብኛል፣ ጥሩ ናይለን የት እንደምትገዙ የምታውቁ ንገሩኝ።