«መሸብኝ» ብሎ የጀመረው መዝሙር

ስለ አዲሱ መዝሙር ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፦ አልቋል፤ ማለቴ እኔ እጄን አንሥቼለታለሁ። አንድ አዝማችና ሁለት አንቀጽ ብቻ ነው፣ አራት ወር ገደማ ፈጀብኝ። ቀን የሰው ሂሳብ እዘጋለሁ፣ ማታ ኪቦርድ እለማመዳለሁ፤ ስለዚህ የማካፍላችሁ በአብዛኛው የት የት እንደተሳሳትኩ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ ቤት የቀየርን ዕለት ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስተኛችን። አከራያችን ቤቱን ለልጃቸው ፈለጉት፣ እኛም ዕቃችንን በአይሱዙ ጭነን ከጀሞ ወደ ኮልፌ በዝናብ ሄድን። ማታ አምፖል ያልገባለት ክፍል ውስጥ፣ ጠርዙ የረጠበ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ይቺ ስንኝ መጣችልኝ፦

ስዞር ውዬ ስዞር፣ ደጅህ ላይ መሸብኝ

በስልኬ ቀዳኋት። ቅጂው ላይ ከእኔ ድምፅ ይልቅ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ይሰማል። እስካሁን አላጠፋሁትም።

ዜማው ብዙም ሳላስብበት ትዝታ ማይነር በሚባለው ቅኝት ላይ ተቀመጠ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሆኖ ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚሉበት ማለት ነው። ጣቴ የለመደው እሱን ነው፣ ሆዴም ብሶት ነበረበት፣ ተስማማን። አዝማቹ ላይ «አረፍኩ» የሚለውን ቃል አራት ጊዜ ደጋገምኩት። እናቴ ከማጀት ሆና ስትሰማኝ ቆየችና እጇን እየጠረገች ብቅ አለች፦ «ደግሞ ማን አረፈ ልጄ?»

ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ፣ ምክንያቱም እውነቷን ነው። በእኛ ቋንቋ ሰው ሲሞት «አረፈ» ይባላል፤ የሐዘን ማስታወቂያውም «ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ» ይላል። ቃሉ ብቻውን ቆሞ፣ ከሥሩ ደግሞ ትዝታ ማይነር ሲነጠፍለት፣ ሰሚው የሚያየው የሬሳ ሳጥን ነው። እኔ የፈለግኩት ግን የሞተ ሰው እረፍት አይደለም። ነገ ጠዋት ተመልሶ የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም ሰው እረፍት ነው። ማቴዎስ 11ን እንደገና ሳነበው ነው የገባኝ፦ ኢየሱስ «አሳርፋችኋለሁ» ባለበት አፉ ወዲያው «ቀንበሬን በላያችሁ ተሸከሙ» ይላል። የሞተ በሬ ቀንበር አይሸከምም። የሚጠመደው ነገ የሚያርሰው ነው።

«አረፍኩ»ን አራቱንም ጊዜ ሰረዝኩና ሌላ ግሥ ፍለጋ ወጣሁ። ያገኘሁት ዘፍጥረት 8 ላይ ነው፤ የኖኅ ርግብ «እግርዋን የምታሳርፍበት ስፍራ» አጥታ ወደ መርከቡ የተመለሰችበት። እግሩን ያሳረፈ ሰው ሞተ ብሎ የሚጠረጥር የለም፣ ጫማውን አውልቆ ቁጭ ያለ ነው የሚመስለው። እንዲህ ሆነ፦

ስዞር ውዬ ስዞር፣ ደጅህ ላይ መሸብኝ
እግሬን አሳረፍኩት፣ ቤቴ አንተ ሆንክልኝ

ምጣኔው የወል ቤት ነው፣ ስድስት በስድስት ቀለም፤ «ቤቴ አንተ» ሲዘመር ይዋጥና «ቤታንተ» ይሆናል። ቅኝቱንም ወደ ትዝታ ሜጀር አዞርኩት። ይህን ሞክሩት፦ ዜማውን ሳትነኩ ሚና ላን ብቻ ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ መልሷቸው። መንገዱ ያው ነው፣ የቀኑ ብርሃን ነው የሚለወጠው። እናቴ በዚህኛው ጊዜ ምንም አላለችም፤ ሽንኩርት እየከተፈች ስታንጎራጉረው ሰማኋት።

አሁን ስለ ቤት መምታት። (ስለ ቤት የሚዘምር ግጥም ቤት አልመታ ሲለኝ ሦስት ሳምንት መክረሜን ሳስበው ያስቀኛል።) ግጥም የሚያውቅ ጓደኛዬ «ብኝ» እና «ልኝ» የሚገናኙት በኝ ብቻ ነው፣ ያነክሳል አለኝ። እሺ ብዬ ለ«መሸብኝ» የሚስማማ በ«ብኝ» የሚያልቅ ቃል ልለቅም ተቀመጥኩ። ጠፋብኝ። ጨለመብኝ። ተዘጋብኝ። ከበደብኝ። አንድ ገጽ ሞላ፣ ሁሉም መከራ ነው! ለካ ያቺ ብ ራሷ ጉዳት ተሸክማ ነው የምትዞረው፤ ል ደግሞ የሚበጅ ነገር ሁሉ የሚመጣባት በር ናት። መዝሙሩ የሚሄደው ከብኝ ወደ ልኝ ከሆነ ስንኙ ያንክስ ብዬ ተውኩት። ጓደኛዬ እስካሁን አልተቀበለኝም።

መዝሙር 90ም ላይ ያቺው ል ቁጭ ብላለች፦ «አንተ ለትውልድ ሁሉ መጠጊያ ሆንህልን»። በዕብራይስጡ ቃሉ ማዖን ነው፣ ማደሪያ እንደማለት። የመዝሙሩ ርእስ ደግሞ የሙሴ ጸሎት ይለዋል። ፈርዖን ቤት አድጎ፣ ምድያም ተሰዶ፣ ቀሪ ዘመኑን በድንኳን የጨረሰ፣ ከነዓንንም ከተራራ ላይ ያያት እንጂ ያልገባባት ሰው ነው እግዚአብሔርን ቤታችን የሚለው። ባለ ርስት ቢለው ኖሮ አላምነውም ነበር። ሁለተኛው አንቀጽ ከዚህ መጣ፣ በአንድ ማታ፦

ድንኳን ነቅሎ ነቅሎ፣ ቤት አልሠራም ሙሴ
አንተ ውስጥ አደረ፣ እዚያው ትደር ነፍሴ

ቀሪው የእጅ ሥራ ነበር። የመጀመሪያው ዜማ ስፋቱ ኦክታቭ ተኩል ያህል ነበር (ኦክታቭ ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት ነው)፤ ለእኔ ድምፅ ይመቻል፣ ጉባኤ ግን አይዘምረውም። ስሞክረው ከኋላ ወንበር ያሉት እናቶች ከፍታው ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። በአንድ ኦክታቭ ውስጥ አስገባሁት። ኪቦርድ ከሚጫወተው ወንድማችን ጋር ደግሞ በፋ ተጨቃጨቅን። ትዝታ ሜጀር ውስጥ ፋ የለም፣ እሱ ግን «ሆንክልኝ» ላይ የፋን ኮርድ (በፋ ላይ የተመሠረቱ፣ አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን) ካላስገባሁ ባዶ ሆነብኝ አለ። ዘማሪው ፋን እንዳይነካ፣ ኮርዱ ግን ከሥር እንዲያልፍ ተስማማን። ሳልወድ ነው የተስማማሁት፤ አሁን ሳዳምጠው ግን እዚያ ቦታ ላይ ወለል የተነጠፈ ያህል ይሰማኛል።

የመጨረሻዋን ለውጥ ያመጣኋት በኅዳር ነው። አዝማቹ ለመጨረሻ ጊዜ ሲደገም «መሸብኝ» የሚለው «መሸልኝ» ይሆናል። አንድ ፊደል። ቤት ለገባ ሰው ምሽት ጉዳት አይደለምና።

ቅዳሜ ከመዘምራኑ ጋር ሞከርነው። ግማሾቹ «መሸልኝ» ሲሉ ግማሾቹ ከልማድ «መሸብኝ» ላይ ቀሩ፣ ብና ል አየር ላይ ተጋጩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያች ቃል ላይ ኪቦርዱን ጸጥ አሰኝተን በድምፅ ብቻ እንሞክራታለን።