«ኢንፍላመብል» የሚል በርሜል ይዤ የመጋዘን ምርመራ እንዴት አለፍኩ

ቡሬ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለኝ። ፈቃድ ማደስ ብዙም አያስቸግርም፤ ግብር ይከፈላል፣ ክሊራንስ ይወጣል፣ ይሰለፋል። ያንገበገበኝ የመጋዘኑ ምርመራ ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ጨጓራዬ ይተርፍ ነበር።

መርማሪው የቲነር በርሜሌን ዞሮ አየና ጽሑፉን በጣቱ እየተከተለ «ኢንፍላመብል» ብሎ አነበበ። «ጋሼ፣ ‹ኢን› አፍራሽ ነው። ይህ አይቃጠልም፤ ለብቻው ክፍል ይዞ ከሚቀመጥ ይልቅ ከጆንያው ጋር ያድርጉት» አለኝ። «ሽታው አይነግርህም ወይ?» ብዬ ብጠይቀውም ቅጹ ላይ «የማይቀጣጠል» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን አሳረፈበት።

በእንግሊዝኛ «ፍላመብል» እና «ኢንፍላመብል» ፍቺያቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ተቀጣጣይ ማለት ናቸው። መነሻው ማቀጣጠል የሚል ፍቺ ያለው የላቲኑ «ኢንፍላማሬ» ነው፤ እዚያ ያለው «ኢን» አያፈርስም። የማይቀጣጠለው «ኖንፍላመብል» ይባላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር በ1920ዎቹ፣ የብሪታንያ የደረጃዎች ተቋም ደግሞ በ1959 እ.ኤ.አ. «ፍላመብል» ብቻ ይጻፍ ያሉት እንዲህ ዓይነቱን አንባቢ ፈርተው ነው። ቃሉ ለቁጡ ሰውም ይነገራል፤ ያን ሰሞን ለእኔም ይሆን ነበር።

ቅጹን ለማሳረም ቢሮ ሄድኩ። ማኅተም ያረፈበትን የሚያርመው የጻፈው ሰው ብቻ ነው፤ የጻፈው ሰው መስክ ወጥቷል። መዝገበ ቃላት ይዤ ተመለስኩ። ኃላፊው ሳይገልጡት «መዝገበ ቃላት የመንግሥት ሰነድ አይደለም» አሉኝ። በመጨረሻ በርሜሉ ላይ ያለውን ነበልባል የተሳለበት ቀይ ምልክት በስልኬ አንስቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። «ታዲያ ይህን አስቀድመው አይናገሩም?» አሉኝና «የማይቀጣጠል» ከሚለው ላይ «ማይ»ን ሰርዘው ከላዩ «ሚ» ጻፉ፤ ሌላ ማኅተምም መቱበት።

የፋብሪካ ጽሑፍ አጠገብ ምንም አትጨምሩ ይላሉ። እኔ እጨምራለሁ፤ ምልክቱን ሳልሸፍን በርሜሉ ሆድ ላይ በቀይ ቀለም «ተቀጣጣይ» ብዬ በትልቁ እጽፋለሁ። ሲጋራ አፉ ላይ ሰክቶ በርሜል የሚያንከባልለው ወዛደር የሚያነበው አማርኛውን ነው። ቅጹንም ማኅተም ሳያርፍበት ተቀብላችሁ አንብቡት፤ ቢቆጧችሁም አንብቡት።

በርሜሎቹን ከጆንያው ጋር አልቀላቀልኳቸውም። «ትእዛዝ አልፈጸሙም» የሚለው ማስጠንቀቂያ ግን ቅጹ ከታረመም በኋላ ፋይሌ ውስጥ አለ። አውጡልኝ ብዬ ማመልከቻ አስገብቻለሁ።