ይሰማናል?

ዛሬ ማታ ዝም ማለት ነው ያሰኘኝ። ልጆቹ ተኝተዋል። ጫማቸው በሩ ሥር ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። ማጠብ ነበረብኝ፣ ግን አልተነሳሁም።

ጠዋት ስንወጣ ሐሳቤ በጫካው አቋርጠን እስከ ወንዙ መውረድ ነበር። ትልቋ ቅጠል ልትሰበስብ ደብተሯን ይዛለች። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ መንገዱ ርሷል። ብዙም ሳንሄድ ትንሹ ቁጢጥ አለ። የመሬት ትል አይቶ ነው። አንድም አይደለም፣ መንገዱን ሞልተውታል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እማዬ፣ ይሰማናል?" አለኝ።

"አይሰማም፣ ጆሮ የለውም። በል ተነስ እንሂድ።"

ተነሳ። ሄድን። ወንዙንም አየን፣ ደስ ይል ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ስለ ትሉ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ይሄን ያስተዋልኩት አሁን ማታ ነው። ከነከነኝ።

ስለ ትል ማንበብ ጀመርኩ። ለካ የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊንም ይህንኑ ጠይቆ ነበር! ቤቱ ውስጥ አፈር በተሞሉ ማሰሮዎች ትሎች ያኖር ነበር። ፊሽካ ተነፋባቸው። ተጮኸባቸው። የዳርዊን ልጅ ባሱን የሚባለውን ትልቅ የትንፋሽ መሣሪያ ነፋላቸው፤ ፒያኖም ተመታላቸው። ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ ማሰሮዎቹን ራሱ ፒያኖው ላይ አስቀመጣቸው። አንድ ድምፅ ሲመታ ትሎቹ ወዲያው ጉድጓዳቸው ገቡ። በአየር የሚመጣ ድምፅ አይሰሙም፤ የቆሙበት ነገር ሲንቀጠቀጥ ግን በሰውነታቸው ያውቁታል። ስለ ትል የጻፈው መጽሐፍ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1881 ነው። ዕድሜው 72 ነበር። ዓለም ያወቀው ሽማግሌ፣ ከነቤተሰቡ፣ ትል ምን ይል ይሆን ብሎ ሲጠብቅ ታየኝ። "በል ተነስ" ያለው የለም።

ጆሮ የለውም ያልኩት እውነት ነው። ግን አሁን ትዝ ያለኝ፣ ትንሹ ትሎቹ አጠገብ ሲደርስ በእግሩ ጣት ነበር የሚራመደው። ጨዋታ መስሎኝ አለፍኩት። እኔ ስለ ጆሮ ሳወራ እሱ ስለ ኮቴው ተጨንቆ ነበር። ልክ የነበረው እሱ ነው።

ከዝናብ በኋላ ለምን እንደሚወጡም አንብቤያለሁ። እንዳይሰምጡ ነው ሲባል ነው ያደግኩት። ግን ብዙዎቹ ውሃ ውስጥ ቀናት መቆየት ይችላሉ፤ የሚተነፍሱት በቆዳቸው ነው፣ የሚገድላቸው ድርቀቱ ነው። ምናልባት እርጥብ መሬት ላይ ራቅ ብሎ መጓዝ ስለሚቀላቸው ይሆናል የሚሉ አሉ። አጥኚዎቹ ገና አልተስማሙም። ጠዋት ይሄን ሁሉ ባውቅ ኖሮ ግን ምን አደርግ ነበር? በአንድ ትንፋሽ ነግሬው ወደ ወንዙ እቸኩል ነበር፣ መሰለኝ።

ነገ ሲነሳ ምን ልበለው? ተሳስቼ ነበር፣ ኮቴህ ይሰማዋል ልበለው? ወይስ ሲዘንብ ጠብቄ ወደዚያው መንገድ ልውሰደውና እንደገና እስኪጠይቀኝ ዝም ልበል?

ባይጠይቀኝስ?