በቺፕ ስም ሳይሆን በቺፕ አቅም፦ ቴስት የምንዘልበትን መንገድ እንዴት እንደቀየርኩት

በትናንሽ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገቡት የኢኤስፒ32 ማይክሮኮንትሮለር ቺፖች ስማቸው ቢመሳሰልም ውስጣቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ኢኤስፒ32 ሁለት ኮር (ፕሮግራም የሚያስኬድ የቺፑ ክፍል) አለው፤ ቁጥርን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር ዳክም አለው። ኤስ2 ዳክ ቢኖረውም ብሉቱዝ የለውም። ኤስ3 እና ሲ3 ዳክ የላቸውም። ኤች2 ደግሞ ጭራሽ ዋይፋይ የለውም። እኔ የምሠራበት ላይብረሪ በሁሉም ላይ መሮጥ አለበት፤ ቴስቶቹም እንደዚያው።

የቆየው ኮድ የሚዘለለውን የሚወስነው በቺፕ ስም ነበር፤ «ኤስ3 ወይም ሲ3 ከሆነ ዝለል»። ኤች2 ሲጨመር ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ስላልነበረ የዳክ ቴስቱ ኮምፓይል መሆን (ወደ ማሽን ቋንቋ መተርጎም) አቃተው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ስም ምክንያት አይናገርም። ሲ3 የተዘለለው ዳክ ስለሌለው ነው ወይስ ያኔ ያልተፈታ ችግር ስለነበረ? ኮዱን አይቶ መመለስ አይቻልም።

የቺፖቹ አምራች የፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፍ የሆነው ኢኤስፒ-አይዲኤፍ ለየቺፑ አቅሙን በማክሮ (ከኮምፓይል በፊት በዋጋው በሚተካ ስም) የሚዘረዝር ሄደር ፋይል (ሌሎች የኮድ ፋይሎች የሚጋሩት ፋይል) አለው። ሁኔታዎቹን ሁሉ ወደዚያ አዞርኳቸው። አሁን ቴስቱ የሚጠይቀው «ዳክ አለ?» ብሎ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ወጥመድ አለ። በሲ ቋንቋ ያልተገለጸ ማክሮ በ«#if» ሁኔታ ውስጥ ሲገባ ዋጋው ዜሮ ነው። የማክሮውን ስም አንድ ፊደል ካሳሳታችሁ ቴስቱ በሁሉም ቺፕ ላይ ድምፁን አጥፍቶ ይጠፋል፤ ሪፖርቱም አረንጓዴ ሆኖ ይቀጥላል። ያልተገለጸ ማክሮ ሲገኝ የሚያስጠነቅቀውን የኮምፓይለር አማራጭ መክፈት አያዋጣም። ቺፑ የሌለው አቅም ሄደሩ ውስጥ ጭራሽ አይገለጽምና ትክክለኛው ኮድም ማስጠንቀቂያ ያዘንባል።

ያደረግኩት ይህን ነው። የራሳችን አንድ ትንሽ ሄደር ጻፍኩ። እያንዳንዱ አቅም እዚያ ባዶ ቅንፍ ያለው ማክሮ ሆኖ ዜሮ ወይም አንድ ይሰጣል። ስሙን የተሳሳተ ሰው ማክሮው ስለማይገኝ ዜሮ ከነቅንፉ ይቀርለታል፤ ኮምፓይለሩም እዚያው ያቆመዋል። ቀላል ዘዴ ናት፣ በጣም ወደድኳት።

ሁለተኛው ነገር፣ የተዘለለ ቴስት መታየት አለበት። ዳክ በሌለው ቺፕ ላይ ዳኩን የሚያዘው የድራይቨሩ ኮድ ኮምፓይል ስለማይሆን የቴስቱን አካል ማውጣት ግድ ነው። ስሙን ግን አላወጣሁም። በአካሉ ቦታ የቴስት ማዕቀፋችንን የዩኒቲን የ«ተዘሏል» ማክሮ ከነምክንያቱ አስገባሁ። ስለዚህ በመጨረሻው መስመር ከጠቅላላውና ከወደቁት ቀጥሎ የተዘለሉትም ይቆጠራሉ።

ኮር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባለሁለት ኮሩ ኢኤስፒ32 በአንድ ኮር ብቻ እንዲሠራ ሆኖ ሊገነባ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ኮር ላይ ታስክ (ለብቻው የሚሮጥ ሥራ) የሚያስር ቴስት የቺፑን አቅም ብቻ ሳይሆን ቺፑ ላይ የሚሠራውን የስርዓተ ክወና የፍሪአርቶስን ውቅርም መጠየቅ አለበት።

ከባልደረቦቼ ጋር ብዙ ያከራከረን ግን የሽቦው ነገር ነው። የዳክ ቴስታችን ከጂፒአይኦ 25 (ከቺፑ እግሮች አንዱ) የሚወጣውን ቮልቴጅ በሽቦ ወደ ጂፒአይኦ 34 ወስዶ ቮልቴጅን ወደ ቁጥር በሚቀይረው ኤዲሲ ያነበዋል። ሽቦው ካልተሰካስ ይዘለል? አይዘለል ብዬ ተከራከርኩ። ቺፑ ይችላል፤ የጎደለው ጠረጴዛው ላይ ነው። እሱን ከዘለልነው የላላ ሽቦና የተበላሸ ድራይቨር አንድ ዓይነት ዝምታ ይኖራቸዋል። ስለዚህ ይወድቃል፤ መልእክቱም ሽቦውን እንድታዩ ይነግራችኋል።

አሁን ለየቺፑ ይዘለላሉ የተባሉ ቴስቶች ዝርዝር ፋይል ውስጥ አለ። ሪፖርቱ ከዝርዝሩ ቢበዛም ቢያንስም ግንባታው ይወድቃል። አዲስ ቺፕ ሲመጣ ዝርዝሩን የሚሞላው ሰው ከዳታሺቱ (የቺፑ አምራች ከሚያወጣው የቴክኒክ ሰነድ) ነው የሚሞላው፤ ከሄደሩ መገልበጥ አይፈቀድም። ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱ ተሳስቷል፣ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅም ኮዱ ወደ ዋናው ቅርንጫፍ አይገባም።